እሺ ከማለታችን በፊት

(የዝግጅቱ መግቢያ ሙዚቃ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

ቁይና በዙሪያዋ ያላችሁ፣ ከደብረ ወርቅ፣ ከቢቸና፣ ከሉማሜ፣ ከደብረ ማርቆስ ሬዲዮናችሁን ከፍታችሁ የምትጠብቁን ሁሉ፣ ሳምንታዊው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ጀምሯል። ቡና ላይ ያላችሁ ቡናችሁን እየጠጣችሁ ስሙን። ላፕቶፕ ያላችሁ ልጆች ክፈቱት። ላፕቶፕ የሌላችሁም አትራቁ፤ የዛሬው ትምህርት የሚጀምረው ከኪሳችሁ ስልክ ነው።

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ስልካችሁ ላይ የቀረላችሁን ሒሳብ ለማወቅ ምን ትጫናላችሁ?

(ለአፍታ ጸጥታ)

ልክ ናችሁ። ኮከብ፣ 804፣ መሰላል፤ ከዚያ መደወያውን። ቴሌብር የምትጠቀሙ ደግሞ ኮከብ፣ 127፣ መሰላል ትላላችሁ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ስማርት ስልክ የሌለው ሰው ብዙ ነበር። ቢሆንም ባትሪዋ ሳምንት በምትቆየው በትንሿ ስልክም ገንዘብ ይላክ ነበር፤ በዚያችው ኮከብና መሰላል። በ2006 ዓ.ም. ወደተጀመረው ወደ ግብርናው የምክር መስመር 8028 የምትደውሉ ገበሬዎችም ቁጥር ትጫናላችሁ፣ ስለ ጤፍ ወይም ስለ ስንዴ የተቀዳው ድምፅ ይመልስላችኋል።

ይህን ልብ በሉልኝ። ኮከብ 804 መሰላል ስትሉ ሥዕል አልነካችሁም። ጻፋችሁ፣ ላካችሁ፣ መልስ መጣ። ለማሽን በጽሑፍ ትእዛዝ መስጠት ማለት ይኸው ነው። እናቶቻችንና አባቶቻችን ስም ሳያወጡለት ለዓመታት ሲሠሩበት ኖረዋል።

ኮምፒውተርም እንዲህ ዓይነት ትእዛዝ የሚቀበልበት ቦታ አለው፤ ተርሚናል ይባላል። ስትከፍቱት ጥቁር መስኮት ነው። አንዲት ትንሽ ምልክት ብልጭ ድርግም እያለች ትጠብቃችኋለች፤ ሌላ ምንም የለም። ብዙ ተማሪ ሲያየው ኮምፒውተሩ የተበላሸ መስሎት ደንግጦ ይዘጋዋል። አልተበላሸም፤ ትእዛዝ እየጠበቀ ነው።

(የኪቦርድ ድምፅ፦ ሁለት ፊደል፣ ከዚያ ጠንከር ያለ አንድ ምት)

አሁን የሰማችሁት በእንግሊዝኛ ፊደል ኤል እና ኤስ ተጽፎ ኢንተር ሲጫን ነው። ያላችሁበት ፎልደር ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ይዘረዝርላችኋል። ሲ እና ዲ ብላችሁ የፎልደር ስም ብትጨምሩ ወደዚያ ፎልደር ያሻግራችኋል። አር እና ኤም ብትሉ ደግሞ... እሷን ለኋላ አቆዩልኝ፤ ብዙ የምንነጋገርባት ናት።

አሠራሩ የቆየ ነው። ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ የተባሉ ባለሙያዎች በፈረንጆቹ 1969 አሜሪካ በሚገኘው ቤል ላብስ ዩኒክስ የተባለውን ሥርዓት ሲጀምሩ የኮምፒውተር ስክሪን ራሱ ብርቅ ነበር፤ ትእዛዙም መልሱም በወረቀት ጥቅል ላይ ይታተም ነበር። ስለ ታሪኩ ይህ ይብቃን።

አዲሱ ነገር የመጣው በቅርቡ ነው። ጥያቄ ሲጻፍለት የሚመልሰው ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከተለቀቀ ወዲህ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚለው ስም በየቤቱ ገባ። ከዚያ በ2017 ዓ.ም. በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ረዳቶች ወደ ጥቁሩ መስኮት ገቡ። በየካቲት አንትሮፒክ ክሎድ ኮድን፣ በሚያዝያ ኦፕንኤአይ ኮዴክስን፣ በሰኔ ጉግል ጀሚናይ ሲኤልአይን አወጡ። ሦስቱም የመጡት በአምስት ወር ውስጥ ነው። ትእዛዞቹን በቃሉ የማያውቅ ሰው አሁን በአማርኛ “እንዲህ አድርግልኝ” ብሎ መጻፍ ይችላል።

ታዲያ ስልካችን ላይ ካለው ረዳት በምን ይለያል?

ስልካችሁ ላይ ያለውን “የተማሪዎች ውጤት ማጠቃለያ፣ ሮስተር፣ እንዴት ይሠራል?” ብትሉት ያስረዳችኋል። ተርሚናል ውስጥ ያለው ግን ማርክ ሊስታችሁን ይከፍታል፣ ያነባል፣ ደምሮ አዲስ ፋይል ይጽፋል፤ ከፈቀዳችሁለትም ያጠፋል። ልዩነቱን እደግመዋለሁ፤ የስልኩ ይነግራችኋል፣ የተርሚናሉ እጁን አስገብቶ ይሠራል። እጅ ያለው ረዳት ደስ ይላል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም እጅ ስላለው ነው።

(አጭር የማሲንቆ ድምፅ)

እስቲ አንድ ምሳሌ ላምጣላችሁ፤ ቁይ ላይ አድርጋችሁ አስቡት።

ጊዜው ጥር መጨረሻ፣ የሴሚስተሩ ማብቂያ ነው። አንድ ሆምሩም መምህር አሉ። የስምንት ትምህርት መምህራን ማርክ ሊስታቸውን በፍላሽ አምጥተውላቸዋል። የተማሪው ብዛት 60 ነው እንበል። ድምር፣ አማካይ፣ ደረጃ፤ ሁሉም በሦስት ቀን ማለቅ አለበት። ሮስተር በእጅ የሠራችሁ መምህራን ሌሊቱን ታውቁታላችሁ፤ ካልኩሌተር፣ ማስመሪያ፣ ቀይ እስክሪብቶ። መሐል ላይ መብራት ይሄድና ሻማ ይፈለጋል፤ የጮቄ ተራራ ብርድ በበሩ ሥር ይገባል። አንድ ቁጥር ከተሳተ እንደገና ከላይ መጀመር ነው።

ቀድሞ ያስተማሩት፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ለእረፍት መጥቶ ኖሯል። “መምህር፣ ይህን ሁሉ ሌሊት ከሚደክሙ ላፕቶፑ ላይ እስቲ እኔ ልሞክርልዎት” ይላቸዋል። እሳቸውም “ሞክር እንጂ ልጄ፤ የልጆቹን ውጤት ግን እንዳታበላሽብኝ” ይሉታል።

ልጁ መጀመሪያ ምን አደረገ? ፎልደሩን እንዳለ ኮፒ አደረገና ዋናውን በፍላሽ ለመምህሩ መለሰላቸው። ፍላሹ ኪሳቸው ገባ። እንግዲህ ማሽኑ ቢሳሳት የሚሳሳተው ቅጂው ላይ ነው። ይህን ያላደረገ ሰው ሥራ አይጀምር።

ከዚያ እንዲህ ብሎ ጻፈ። “በዚህ ፎልደር ውስጥ ስምንት ማርክ ሊስት አለ። መጀመሪያ አንብባቸው፤ ምንም ነገር አትቀይር። የእያንዳንዱን ተማሪ የስምንት ትምህርት ውጤት በስሙ አገናኝተህ አንድ ሮስተር ለመሥራት ምን ምን እንደምታደርግ ንገረኝ።”

(የኪቦርድ ድምፅ፤ ኢንተር)

ኢንተር ሲጫን ምን የሚሆን ይመስላችኋል?

ላፕቶፑ ላይ የተጫነው ፕሮግራም ትንሽ ነው፤ መልእክተኛ ማለት ነው። የልጁን ጽሑፍ ይዞ በኢንተርኔት ሩቅ አገር ወዳለ ትልቅ ኮምፒውተር ይሄዳል። ቋንቋ የሚያውቀው ሞዴል ያለው እዚያ ነው። ሞዴሉ “እስቲ ፋይሎቹን ዘርዝርልኝ” የሚል ትእዛዝ ይመልሳል። መልእክተኛው ትእዛዙን ላፕቶፑ ላይ ያስፈጽምና የተገኘውን ይዞ ይመለሳል። ሞዴሉ አይቶ “አሁን የባዮሎጂውን ክፈት” ይላል። መልእክተኛው ይከፍትና ያነበበውን ይዞ ይሄዳል። እንዲህ ሲመላለሱ፣ ሲመላለሱ፣ ሥራው ይገፋል።

በዚህ ምልልስ መሐል አንዲት በር አለች። ሳይጠይቅ እንዲሠራ ካልፈቀዳችሁለት በቀር ፋይል የሚቀይር ወይም የሚያጠፋ ትእዛዝ ሲመጣ መልእክተኛው ይቆማል። ትእዛዙን ስክሪኑ ላይ ያሳይና “ይህን ላድርግ ወይ?” ብሎ ይጠይቃል። እሺ ማለትም፣ አይሆንም ማለትም የእናንተ ነው። አድማጮቼ፣ የዛሬውን ዝግጅት ያሰናዳሁት ስለዚያች በር ብዬ ነው።

ወደ መምህሩ ቤት እንመለስ። ሮስተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ወጣ። ልጁ ደስ ብሎት ስክሪኑን አዞረላቸው። መምህሩ ግን ውጤቱን ከማየታቸው በፊት ከታች የተጻፈውን የተማሪ ቁጥር አዩ፤ 67 ይላል። ክፍሉ ውስጥ ያሉት 60 ናቸው።

ሰባቱ ከየት መጡ? እስቲ እናንተ ገምቱ።

(ለአፍታ ጸጥታ፤ የማሲንቆ አንድ ምት)

የባዮሎጂው መምህር ዓለምነሽን የጻፉት በዓይኑ “ዓ” ነው፤ የሒሳቡ መምህር በአልፋው “አ”። አንዱ ኃይሌን በብዙኃኑ “ኃ”፣ ሌላው በሃሌታው “ሀ” ጽፏል። ሥላሴ በንጉሡ “ሥ” እና በእሳቱ “ስ”፤ ፀሐይ በፀሐዩ “ፀ” እና በጸሎቱ “ጸ”። እኛ ጆሮ ላይ ድምፁ አንድ ነው፤ ስሙንም አንድ ብለን እናነባለን። ኮምፒውተር ግን የሚያየው ቁጥር ነው። ፊደላችን በፈረንጆቹ 1999 ዩኒኮድ የተባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጠው። ስለዚህ “ዓ” እና “አ” ለኮምፒውተር “ለ” እና “መ” የሚራራቁትን ያህል የተራራቁ ናቸው።

ይህ ስህተት አንዲት ልጅ ላይ ምን እንደሚያደርስ አስቡ። ዓለምነሽ ለሁለት ተከፈለች። የአምስት ትምህርት ውጤቷ አንድ ስም ላይ፣ የሦስቱ ሌላ ስም ላይ ተቀመጠ። ድምሯ ጎደለ፣ ሦስተኛ መውጣት የነበረባት ልጅ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ተሰለፈች። ያንን ሪፖርት ካርድ ይዛ ቤቷ ብትገባ “ምን ስትሠሪ ከረምሽ?” የምትባለው እሷ ናት። ማሽኑን የሚጠይቀው ማንም የለም።

ልጁ ተመልሶ ጻፈ። “በስም ውስጥ ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ከነ እርባታቸው አንድ ዓይነት ድምፅ ናቸው። ስሞችን ስታገናኝ እንደ አንድ ቁጠራቸው። የተማሪውን ስም አጻጻፍ ግን አትቀይር።” ማሽኑ እንደገና ሠራ። አሁን የተማሪው ቁጥር 59 ሆነ።

“ቆይ ቆይ” አሉ መምህሩ። “ሁለት ዓለሙ ጌታቸው አሉኝ። የአባታቸውም ስም አንድ ነው፤ የሚለዩት በአያት ስም ነው። አንዱ ከፊት ይቀመጣል፣ አንዱ ከመስኮቱ ሥር።” ማሽኑ ሁለቱን ልጆች አንድ አድርጓቸው ነበር።

ልጁ ሦስተኛ ጊዜ ጻፈ። ስምን ከነአባትና ከነአያት እንዲያገናኝ፣ የሚጠራጠርባቸውን ለብቻ ጽፎ ለመምህሩ እንዲያሳይ አዘዘው። የመጣው ቁጥር 60 ነው።

እዚህ ላይ እኔ የሚሰማኝን ልንገራችሁ። ማሽኑ 480 ውጤት ሳይደክመው ይደምራል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ መምህሩን ከሁለት ሌሊት ገላግሏቸዋል። ከመስኮቱ ሥር የሚቀመጠውን ዓለሙን ግን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ልጆቹን የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ባይኖር ኖሮ 59ም፣ 67ም ታትሞ ይወጣ ነበር።

(ሙዚቃ፤ ከአስር ሰከንድ በኋላ ዝቅ ይላል)

ወደዚያች በር ልመለስ።

በእኛ አገር ውል እንዴት እንደሚያዝ ታውቃላችሁ። መሬት ሲከራይ፣ በሬ ሲሸጥ ጸሐፊው ይጽፋል፣ እማኞች ይቀመጣሉ። ከመፈረሙ በፊት “እስቲ አንብበው” ይባላል። ፊደል ያልቆጠረው ሽማግሌ እንኳ አውራ ጣቱን ቀለሙ ላይ ከማሳረፉ በፊት አንዷን ቦታ “ድገማት” ይላል። ማንበብ አለመቻሉ ሳይሰማ ለመፈረም ምክንያት አይሆነውም።

ተርሚናሉም ላይ እንዲሁ ነው። የመጣው ትእዛዝ ካልገባችሁ አይሆንም በሉና እንዲህ ብላችሁ ጻፉ። “ይህ ትእዛዝ የትኞቹን ፋይሎች ምን እንደሚያደርግ ቃል በቃል በአማርኛ አስረዳኝ።” ያስረዳችኋል። አሁንም ካልገባችሁ “ድገመው” በሉት። ማሽኑ አይሰለችም፣ አይቆጣም። እኔ ብዙ ትእዛዝ የተማርኩት በዚህ መንገድ ነው።

ሳላነብ የፈረምኩበትንም ቀን ልነግራችሁ ይገባል።

ለዝግጅት የቀዳኋቸው የቃለ መጠይቅ ድምፆች አንድ ፎልደር ሞልተው ነበር። ላፕቶፑ ቦታ አነሰው። ለረዳቱ “የድሮዎቹን አጥፋና ቦታ አስለቅቅልኝ” ብዬ ጻፍኩ። እኔ በልቤ የድሮ ያልኳቸው ተዘጋጅተው በአየር ላይ የዋሉትን ነው። እሱ የድሮ የሚለውን በቀን ለካው፤ ከ90 ቀን በፊት የተቀዱትን በሙሉ። ትእዛዙን አሳየኝ። 90 የሚለው ቁጥር መሐሉ ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። መሽቶ ነበር፣ ደክሞኛል፤ እሺ አልኩ።

ከጠፉት መሐል አንድ አዛውንት ስለ ልጅነት ዘመናቸው ለሁለት ሰዓት ያጫወቱኝ ድምፅ ይገኝበታል። ገና አላዘጋጀሁትም ነበር። ተርሚናል ውስጥ በአር ኤም የጠፋ ፋይል ሪሳይክል ቢን ውስጥ አይገባም፤ እንደዋዛ መልሶ ማውጣት የለም። አዛውንቱ ዛሬ በሕይወት የሉም። ልጆቻቸው ያንን ድምፅ ሲጠይቁኝ የምሰጣቸው አጥቻለሁ።

(ለአፍታ ጸጥታ)

አር ኤም ለኋላ ትቆየን ያልኳችሁ ለዚህ ነው። አጥፋ ማለት ናት። እሷን ያያችሁበትን ትእዛዝ ሁሉ ሁለት ጊዜ አንብቡ።

አጠገቧ ደግሞ ኮከብ ካለች ሦስት ጊዜ አንብቡ። ያቺ ስልካችን ላይ የምናውቃት ኮከብ ተርሚናል ውስጥ ሌላ ትርጉም አላት፤ “ምንም ይሁን፣ ሁሉንም” ማለት ናት። አር ኤም ብላችሁ፣ ቀጥሎ ኮከብ፣ ነጥብ፣ ቲ ኤክስ ቲ አያይዛችሁ ብትጽፉ “በነጥብ ቲ ኤክስ ቲ የሚያልቁትን ፋይሎች አጥፋ” ማለት ነው። ጣት ስቶ ከኮከቧና ከነጥቧ መሐል አንዲት ባዶ ቦታ ብትገባስ? ያን ጊዜ ኮከቧ ለብቻዋ ትቀራለች። ትርጉሙም “እዚህ ፎልደር ውስጥ ያለውን ፋይል ሁሉ አጥፋ” ይሆናል። አንዲት ባዶ ቦታ ናት! እደግመዋለሁ፤ አር ኤምና ኮከብ አብረው ሲመጡ በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ።

መሰላሏስ? መሰላሏ ደግ ናት። ትእዛዝ ውስጥ ከመሰላል በኋላ የተጻፈውን ኮምፒውተሩ በአብዛኛው አይፈጽመውም፤ ለሰው የተተወ ማስታወሻ ነው። ረዳቱን “ከእያንዳንዱ ትእዛዝ አጠገብ በመሰላል ማስታወሻ ጻፍልኝ” ብትሉት ለንባብ ይመቻችኋል።

(አጭር የማሲንቆ ድምፅ)

አማርኛችንንና ባሕረ ሐሳባችንን በሚመለከት ሌላ ወጥመድ አለ። የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት የምትሠሩ ይህን ስሙልኝ።

በምዝገባ ሰሞን ዝርዝር ላይ 5፣ ጭረት፣ 13፣ ጭረት፣ 2017 ተብሎ የተጻፈ ቀን አለ እንበል። ስንተኛው ቀን ነው? ጳጉሜን 5 ነዋ! አሜሪካኖች ግን ወርን ከቀን ያስቀድማሉ። በእነሱ ልማድ የሠለጠነ ፕሮግራም አምስተኛው ወር፣ አሥራ ሦስተኛው ቀን ብሎ ያነበዋል። ስህተት አለ ብሎ አይጮህም። ጳጉሜን ላይ የተመዘገበው ልጅ ድምፅ ሳያሰማ ግንቦት ላይ የተመዘገበ ይሆናል፤ ዓመቱም የእኛ 2017 መሆኑ ይቀራል። 25/12 ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ 25ኛ ወር ስለሌለ ፕሮግራሙ ግራ ገብቶት ሊቆም ይችል ነበር። የሚያስፈራው እንደዚህ ልክ መስሎ የሚያልፈው ነው።

መድኃኒቱ ሥራው ሲጀመር መናገር ነው። “ቀኖቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው፤ ቀን ይቀድማል፣ ወር ይከተላል፤ 13ኛ ወር አለን።” በየቀኑ እንዳትደጋግሙትም እነዚህ ረዳቶች ፎልደሩ ውስጥ ቋሚ መመሪያ የሚቀመጥበት ፋይል አላቸው፤ ሥራ ሲጀምሩ መጀመሪያ ያነቡታል። የዓለምነሽን “ዓ” እና “አ”ም እዚያው ጻፉላቸው።

ለረዳቱ በአማርኛ ስትጽፉለት የተፈቀደላችሁ የአጠቃቀም ኮታ ቶሎ የሚያልቀውስ ለምንድን ነው? ብዙ ተማሪዎች ይህን ይጠይቃሉ። አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ የአንድ ባይት ቦታ ይይዛል። የእኛ አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ቁይ ሁለት ፊደል ናት፤ ስድስት ባይት ትሆናለች ማለት ነው። ሞዴሎቹም ጽሑፍን እየቆራረጡ ነው የሚያነቡት፤ በብዛት የሠለጠኑት በእንግሊዝኛ ስለሆነ አማርኛውን ይበልጥ ያደቁታል። የሚቆጠርባችሁ በቁራጭ ነውና አንዱ ሐሳብ በአማርኛ ሲጻፍ ይወደዳል። ይህ ፍትሐዊ አይመስለኝም፤ ሊስተካከልም ይገባዋል። እስከዚያው አጠር አድርጎ፣ ግን ምንም ሳያጎድል መጻፍ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ምስጢር። መልእክተኛው ያነበበውን ይዞ ሩቅ አገር ይሄዳል ብለናል። ምን ይዞ ሄደ? የልጆች ስም፣ ውጤት፣ ምናልባትም የወላጅ ስልክ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 1321፣ የሰው መረጃ የያዘ ሁሉ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። አዋጅ ባይኖርስ? የሰው ልጅ ውጤት አደራ ነው። ስለዚህ ፋይሉ ለረዳቱ ከመሰጠቱ በፊት ስልክና አድራሻ ይውጣ። የሚቻል ከሆነ በስም ምትክ የተማሪው መለያ ቁጥር ይግባ። በመለያ ቁጥር ከተሠራ ዓለምነሽም ለሁለት አትከፈልም፤ ሁለቱ ዓለሙዎችም አይቀላቀሉም።

“ኢንተርኔትስ ከሌለ?” ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር የምናስታውሰው በስማ በለው አይደለም። ለእንዲህ ያለው ቀን ሌላ መንገድ አለ። ኦላማ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ትንንሽ ሞዴሎችን ላፕቶፑ ውስጥ አስቀምጦ ያለ ኢንተርኔት ያሠራል። ላማ 3.2 ከተባለው አንዱ ሞዴል በኦላማ ሲወርድ ወደ 2 ጊጋባይት ይሆናል፤ አንድ ፊልም ያህል ነው። ደብረ ማርቆስ ደርሶ የሚመለስ ተማሪ በፍላሽ ይዞት ሊመጣ ይችላል።

ድካሙን ደግሞ ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ትንንሾቹ ሞዴሎች አማርኛ ላይ ደካማ ናቸው፤ ቃል ይፈጥራሉ፣ ያልተባለውን ይላሉ። በቀላል እንግሊዝኛ ብትጠይቋቸው ይሻላል። ኦላማ ለብቻው ፋይላችሁን አይነካም፤ ትጠይቁታላችሁ፣ ትእዛዙን ይጽፍላችኋል፣ አንብባችሁ ኢንተሩን የምትጫኑት እናንተ ናችሁ። ለጀማሪ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። የጻፋችሁትም ከላፕቶፑ አይወጣም።

ከመሠረቱ መማር ለምትፈልጉ ወጣቶች በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የፕሮግራሚንግ መግቢያ ትምህርት ነበረው፤ የሚሰጠውም በነፃ ነበር። የወሰዳችሁ ካላችሁ ጎረቤታችሁን አስተምሩ።

(የኪቦርድ ድምፅ፤ ቀስ ብሎ ይጠፋል)

መምህሩን ሮስተሩ ላይ ትተናቸው ነበር። ቁጥሩ 60 ሆኗል፣ ልጁም “ይታተም?” ብሎ እየጠበቃቸው ነው። መምህሩ ፍላሹን ከኪሳቸው አወጡ። ከ60ው አምስት ተማሪ መረጡ። ዓለምነሽን፣ ሁለቱን ዓለሙዎች፣ አንደኛ የወጣውን፣ መጨረሻ የወጣውን። በዋናዎቹ ማርክ ሊስቶች፣ በካልኩሌተራቸውና በቀይ እስክሪብቷቸው የአምስቱን ድምር በእጃቸው ሠሩት። አምስቱም ከማሽኑ ጋር ገጠመ።

“አሁን ይታተም” አሉ።

ለዚህ ሳምንት የቤት ሥራ አለኝ፤ ላፕቶፕ ለሌላችሁም ይሆናል። የክፍላችሁን የስም ዝርዝር አንሡና በሁለት ዓይነት ፊደል ሊጻፉ የሚችሉትን ስሞች ቁጠሩ። ስንት አገኛችሁ? ላፕቶፕ ያላችሁ ደግሞ አንድ ባዶ ፎልደር ፍጠሩ፣ ሦስት የማያስፈልጉ ፋይሎች አስገቡበት፤ ኤል ኤስ ብላችሁ ዝርዝራቸውን እዩ። ከዚያ ይህችን ጥያቄ መልሱልኝ። ኤል ኤስ ብላችሁ ኮከብ ብትጨምሩ ምን ይመጣል? አር ኤም ከማለት በፊት ኤል ኤስና ኮከብን ማየት ለምን ይጠቅማል?

መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት አብረን እናየዋለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)